የልብ ድካም ያለበትን ጎረቤት በቁሙ እንርዳ



ሰው ሲሞትብን ድንኳን በመትከል፣ ንፍሮ በመቀቀል የሚቀድመን የለም። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ታዲያ በሕይወት እያለ ዳገቱን መውጣት ላቃተው ጎረቤታችንስ ምን አደረግንለት?

የልብ ድካም ማለት ልብ ቆመ ማለት አይደለም። ልብ ደሙን እንደሚገባ መግፋት ተሳነው ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ውሃ በሰውነት ይጠራቀማል፣ እግር ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሌሊትም ትራስ ካልደራረቡ መተኛት ያስቸግራል። እንዲህ ያለውን ሰው «ሰነፍ ነው» እያልን ያማነው ጥቂቶች አይደለንም። እኛም የኮሚቴ አባሎች ከነቀፋው አናመልጥም። ከጽዳት ቀረ ብለን ቅጣት የጻፍንበት አባል ለካ ሕመሙን አፍሮ ደብቆት ኖሯል። ቅጣቱ ተሰርዟል፤ ይቅርታም ጠይቀናል።

ሕመምተኛው ራሱን ከጠበቀ ብዙ ዓመት ሠርቶ፣ ልጅ አሳድጎ ሊኖር ይችላል። በየጠዋቱ ከሽንት በኋላ ቁርስ ሳይቀምስ ይመዘን። በሁለት ሦስት ቀን 2 ኪሎ ከጨመረ ወይም ትንፋሹ ከባሰበት ነገ ዛሬ ሳይል ወደ ሐኪም ይሂድ። መድኃኒቱም ሻል ሲል የሚተው አይደለም፤ የተሻለው በመድኃኒቱ ነውና።

ጨው ውሃን በሰውነት ይይዛል። ለጤነኛ ሰው እንኳ በቀን ከ5 ግራም፣ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ነው የሚመከረው። እኛ ግን በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፣ ወጡ ላይ ደግሞ እንጨምራለን። ስለሆነም እናቶች ድግስ ስትሠሩ ጨው ያልበዛበት ጥቂት ወጥ ለብቻ አስቀምጡ። «በሞቴ ይህችን ብቻ» እያልንም አናስጨንቀው። ሐኪም ፈሳሽ ቀንስ ያለውን ሰው ሦስተኛ ካልጠጣህ አንበለው።

ማኅበራችን የሰው ሚዛን ገዝቶ በጽሕፈት ቤቱ አስቀምጧል። ዘበኛው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ይከፍታል፤ መምጣት ለማይችል ቤቱ ድረስ ይወሰድለታል። ወጣቶች ጀሪካን በመሸከም፣ ቤተሰቦችም በቀጠሮ ቀን አብሮ በመሄድ እንድትረዱ እንጠይቃለን። ለቅሶ ላይ ቀድሞ የተነሳውንም አንማው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ድንኳኑ ይቆየን፤ አሁን ጀሪካኑን እንያዝለት።