«ከአራቱ ኃያላን አንዷ»፦ ማን አለ? የት አለ?

ረዘም ያለ ፖስት ነው፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ላይ ስለ ኃያላን መንግሥታት የሚያወራ ገጽ አለ። ጠቡ ማለቂያ የለውም። አንዱ ጣልያንን ያስገባል፣ ሌላው ያወጣታል። የህንድ ደጋፊ «እኛስ?» ይላል፣ የብራዚሉ ይከተላል። እዚያ ቤት አንድ አርታኢ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ በአንድ ገጽ ላይ የሌላውን ሥራ ከሦስት ጊዜ በላይ እንዳይመልስ የሚከለክል ሕግ አለ። ሕጉ የመጣው እንዲህ ያለውን ግብግብ ለማብረድ ነው።

እኛም ከጠቡ አልቀረንም። የኛ መፈክር ይታወቃል፦ «አክሱም ከዓለም አራት ኃያላን አንዷ ነበረች፤ የፋርሱ ነቢይ ማኒ መስክሯል።» ቲክቶክ ላይ አለ፣ የአድዋ በዓል ንግግር ላይ አለ፣ ተማሪም የቤት ሥራው ላይ ገልብጦ ያመጣልኛል። «ከየት አገኘኸው?» ስለው «ኢንተርኔት ላይ» ይለኛል። በቃ፣ እዚያ ላይ ያልቃል።

እኔ የምለው ይሄ ነው፦ ይህ ዓረፍተ ነገር በዚህ አያያዛችን ለታሪካችን አልጠቀመውም፣ እየጎዳው ነው።

ሰፈሬ ልደታ ነው። እዚህ ፍርድ ቤት ደጅ የተመላለሰ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ያውቃል፦ ምስክሩ አየ ወይስ ሰማ? እስቲ ማኒንም እንጠይቀው።

ማኒ እ.ኤ.አ. በ216 በባቢሎን ምድር የተወለደ፣ የራሱን ሃይማኖት የመሠረተ ሰው ነው። አራቱን መንግሥታት የሚጠራው መጽሐፍ «ከፋላያ» ይባላል። ያዘጋጁት ተከታዮቹ ናቸው፤ የመምህራችን ትምህርት ነው ብለው። ለኛ የደረሰው በቅብጥ ቋንቋ የተጻፈ ቅጂ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1929 ግብጽ ውስጥ ነው የተገኘው። የሚለውም አጭር ነው፦ በዓለም ላይ አራት ታላላቅ መንግሥታት አሉ፤ የባቢሎንና የፋርስ፣ የሮም፣ የአክሱም፣ አራተኛው «ሲሊስ»። ሲሊስን ብዙዎች ቻይና ነው ይላሉ፤ የማይስማሙ ምሁራንም አሉ። ስለ ጦር ብዛት፣ ስለ ሀብት መጠን የሚያወዳድር ነገር እዚያ ቦታ የለም።

ታዲያ ምስክርነቱ ዋጋ የለውም? ኧረ አለው! ከፋርስ ምድር የተነሳ ሃይማኖት የአክሱምን ስም ከሮም ጎን መጥራቱ ቀላል ነገር አይደለም። ግን የትኛው ባለጉዳይ ነው አምስት ምስክር እያለው አራቱን ቤት አስቀርቶ፣ በአንድ የሰሚ ሰሚ የሚሟገተው? ንጉሥ እንዱቢስ በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በስሙ የወርቅ ሳንቲም ያስመታል። ኢዛና ድሉን በግሪክኛም በግዕዝም ድንጋይ ላይ ያስቀርጻል። አዱሊስ ወደብ በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተጻፈ የግሪክ የንግድ መመሪያ ውስጥ ይጠቀሳል። ካሌብ እ.ኤ.አ. በ525 አካባቢ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሒምያር ይዘምታል። እነዚህ በእጅ የሚዳሰሱ፣ የሚነበቡ ምስክሮች ናቸው። ማኒን ብቻ ይዘን ስንጮህ፣ አንዱ መጥቶ «ይሄ እኮ ተከታዮቹ የጻፉት ነው» ሲለን አፋችን ይዘጋል።

«አክሱም አትገባም» እያለ የሚሰርዘው ወገንም ከኔ አያመልጥም። ክርክሩ «ኃያል መንግሥት የሚባለው ነገር እ.ኤ.አ. በ1815 ከቪየናው ጉባኤ ጋር የመጣ የአውሮፓ አነጋገር ነው፣ ለጥንት አይሠራም» የሚል ነው። እሺ፣ ይሁን። ታዲያ ሮምን ኃያል ስንል ለምን ዝም ትላለህ? ሚዛኑ ለሮም ከሠራ ለአክሱምም ይሥራ፤ ካልሠራ ለሁለቱም አይሥራ። ለአንዱ ብቻ የሚሠራ ሚዛን መርካቶም ቢሆን ያስከስሳል።

አሁን ወደ አድዋ። «በአድዋ ከኃያላን ተርታ ገብተናል» የምትሉ ወዳጆች፣ ተረጋጉ። ድሉ ትልቅ ነው፣ ውጤቱም በወረቀት አለ፦ ጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባው ውል ጣልያን ውጫሌን ሰርዛ ነጻነታችንን ተቀበለች። ግን በዚያው ጊዜ ኤርትራ በጣልያን እጅ ቀረች። በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆንን። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ተመልሳ ስትወረን እንግሊዝና ፈረንሳይ ምን አደረጉ? በኅዳር ወር መጨረሻ ሆርና ላቫል የተባሉት ሚኒስትሮቻቸው ከአገራችን ብዙውን ክፍል ለወራሪው የሚሰጥ ዕቅድ አዘጋጁ። ዕቅዱ ወጥቶ ሕዝባቸው ስለተቆጣ ከሸፈ እንጂ የነሱ ሐሳብ ያ ነበር። እነዚህ ሁለት አገሮች ያኔም ዛሬም «ኃያላን» ተብለው የሚጠሩ ናቸው።

እንግዲህ አስቡት። ያ ዝርዝር በሌላው አገር ዕጣ ላይ ቁጭ ብለው የሚወስኑ አገሮች ስም ነው። አድዋ ዓለምን ያስደነገጠው ዝርዝሩ ውስጥ ያልነበረ ሕዝብ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ነኝ የሚለውን ስላሸነፈ ነው። እኛን በግድ እዚያ ውስጥ ስንከት የድሉን ትርጉም ራሳችን እናጠፋዋለን።

«ሌላው ሁሉ በራሱ ሲኮራ እኛ ብቻ ለምን እንጠንቀቅ?» የሚል ኮመንት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ኩሩ! ግን ሌላ ሰው በአንድ ክሊክ በሚሰርዘው ቃል አትኩሩ። ክብሩን ከዝርዝር የተማረ ልጅ፣ ዝርዝሩ የተቀየረ ቀን ምን ይዞ ይቀራል?

ሌላው የሚያንገበግበኝ ጉልበቱ የት እንደሚፈስ ነው። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ አለው፤ የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ። በአንዲት «ኃያል» በምትል ቃል የሚሰደበው ጎበዝ ሁሉ ስለ አዱሊስ፣ ስለ እንዱቢስ ሳንቲም፣ ስለ አዲስ አበባው ውል አንድ አንድ ገጽ በአማርኛ ቢጽፍ፣ የነገው ተማሪዬ የሚገለብጠው ሌላ ነገር ይሆን ነበር።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ብዙዎቻችሁ ዩኒቨርሲቲ ናችሁ፣ ቤተ መጻሕፍት አላችሁ። ከመከራከራችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ማን አለ? የት አለ? መልሱን ካገኛችሁ በኋላ ጻፉ። የጻፋችሁትን ገጽ ሊንክ ኮመንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ አነባለሁ፣ ስህተት ካየሁም እንደ ድሮው በቀይ እስክሪብቶ ነው የማርመው።