ዛፍ መቁረጥ ሁልጊዜ ጥፋት ነውን?

ዛፍ መትከል ልማት፣ መቁረጥ ደግሞ ጥፋት መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንማር ኖረናል። ደኗ በተራቆተባት አገራችን ይህ ትምህርት ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ሳይንስ ደንቡን ብቻ ሳይሆን ደንቡ የሚሠራበትን ወሰን ጭምር እንድንጠይቅ ያስገድደናል።

ነገሩን ከብርሃን እንጀምር። ብርሃን በቅጠል ንብርብሮች ውስጥ ሲያልፍ እያንዳንዱ ንብርብር ከደረሰው ብርሃን የተወሰነውን ክፍል ያስቀራል። እያንዳንዱ ግማሹን ያስቀራል ብንል፣ ከአራት ንብርብር በኋላ መሬት የሚደርሰው ከ16 አንዱ ብቻ ይሆናል። በመሆኑም ዛፉ በረዘመና በጠነከረ መጠን ከሥሩ የሚበቅለው ሣርና ቁጥቋጦ፣ በዚያም የሚጠለለው እንስሳ ይቀንሳል።

በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የምትራባው ኪርትላንድ ዋርብለር የተባለች ትንሽ ወፍ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናት። ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ፣ ከ5 እስከ 20 ዓመት ገደማ ዕድሜ ባላቸው ጃክ ፓይን የተባሉ ዛፎች ዝቅተኛ ቅርንጫፎች ሥር ነው። ዛፎቹ ሲያድጉ እነዚህ ቅርንጫፎች በብርሃን እጦት ይደርቃሉ፤ ወፏም ቦታውን ትለቃለች። ቀድሞ ደኑን የሚያድሰው ሰደድ እሳት ነበር፤ ሰው እሳቱን ሲቆጣጠር ግን ደኑ አረጀ። እንቁላሏን በሌሎች ጎጆ የምትጥል ሌላ ወፍም ጉዳቱን አባባሰችው። በቆጠራ የተገኙት ዘማሪ ወንዶች እ.ኤ.አ. በ1961 ከነበሩበት 502 በ1974 ወደ 167 አሽቆለቆሉ።

እሳቱን መልሶ መለኮስ ቀላል አልሆነም፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ለዚሁ ዓላማ የተለኮሰ እሳት ከቁጥጥር ውጭ ወጥቶ የሰው ሕይወት አጠፋ። ስለዚህ ባለሙያዎች ያረጀውን ደን በየተራ እየቆረጡ ችግኝ መትከልን ዋና ዘዴያቸው አደረጉ፤ ጥገኛዋን ወፍም ተቆጣጠሩ። የወፏ ቁጥር ከ2,000 ጥንድ በላይ በመድረሱ እ.ኤ.አ. በ2019 ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር ወጣች።

ይህ ግን መጥረቢያን ለማንሳት የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ለዋርብለር የበጀው ቆረጣ ከዛፍ ዛፍ እየዘለለ ለሚኖረው ጉሬዛችን መኖሪያ ማሳጣት ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የተረፉት አነስተኛ ጥንታዊ ደኖችም ጥበቃ እንጂ ማሳሳት አያሻቸውም። በአንጻሩ ከ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ባሕር ዛፍ በሸፈናቸው እንደ እንጦጦ ባሉ ተዳፋቶች ላይ፣ አፈሩ እንዳይሸረሸር እየተጠነቀቁ ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ ማሳሳት ለጥድና ለወይራ ችግኞች ብርሃን ሊከፍት ይችላል።

እንግዲህ መጠየቅ ያለብን «ይቆረጥ ወይስ አይቆረጥ?» ብለን ብቻ አይደለም። ለየትኛው እንስሳ? ምን ያህል? ከተቆረጠስ በኋላ ምን ይበቅላል? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በልኬት የተደገፈ መልስ የሌለው ሰው ዛፉን ባይነካ ይሻላል እንላለን። መልሱን ለማግኘት የሚለኩት ደግሞ የነገዎቹ ተመራማሪዎች፣ እናንተ ተማሪዎች ናችሁ።