አለቃህ ቢደውልልህ

አንባቢ ሆይ፤ የዛሬው ጨዋታችን ስለ ሌባ ነው። ይህ ሌባ ግን አጥር ዘሎ ወይም ቁልፍ ሰብሮ የሚገባ አይደለም። ስምህን ጠርቶ፣ ጤንነትህን ጠይቆ፣ ካዝናውን በገዛ እጅህ የሚያስከፍትህ ነው።

እስቲ ካዛንቺስ ውስጥ ባለ አንድ አስመጪ ድርጅት ገንዘብ ያዥ ነህ እንበል። ቀኑ ዓርብ፣ ሰዓቱ ዐሥር ተኩል ነው። ጓደኞችህ ለመውጣት ተነሥተዋል። ስልክህ ይጮኻል። የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ነው፤ ሳሉንም፣ አነጋገሩንም ታውቀዋለህ። «ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ዕቃችን ተይዟል። አሁን በምልክልህ የሒሳብ ቁጥር ሦስት መቶ ሺህ ብር ቶሎ አስገባ። ለማንም አታውራ፤ መልሰህም አትደውል» ይልሃል። ምን ታደርጋለህ?

የብዙዎቻችን መልስ የታወቀ ነው። «እሺ ጌታዬ» ብለን እንከፍላለን። ሰኞ ጧት ሥራ አስኪያጁ ገብተው «የምን ሦስት መቶ ሺህ?» ሲሉ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠን እንወዳለን።

ዓይኑ የፈዘዘው ይስሐቅ በድምፁ ጠርጥሮ ሳለ እጁን ዳስሶ ተታለለ። የዛሬው አታላይ ግን ድምፁንም አሳምሮ ይመጣል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው አዲስ ጥበብ የአንድን ሰው ንግግር ጥቂት ሰኮንድ ያህል ከሰማ፣ ድምፁን መስሎ ያልተናገረውን ያናግረዋል። ያን ጥቂት ንግግር ማግኘት ደግሞ አያስቸግርም፤ የሠርግ ፊልም አለ፤ በቴሌግራም የተላከ የድምፅ መልእክት አለ፤ በሬዲዮ የተሰጠ ቃለ ምልልስ አለ።

ነገሩ በሌላው ዓለም ከተጀመረ ቈይቷል። በ2011 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የአንድ የኃይል ድርጅት ሥራ አስኪያጅ በጀርመን የሚገኙት የበላይ አለቃቸው የደወሉላቸው መስሏቸው 220 ሺህ ዩሮ ልከዋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በሆንግ ኮንግ አሩፕ የተባለው የምሕንድስና ድርጅት ሠራተኛ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ አለቃውንና የሥራ ባልደረቦቹን በዓይኑ እያየ፣ በ15 ጊዜ ክፍያ 25 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስተላለፈ። በስብሰባው ላይ ከነበሩት ሁሉ እውነተኛው ሰው እርሱ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ በኮምፒዩተር የተሠሩ ምስሎች ነበሩ።

«ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው» አትበል። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጠላት ወረራ ዘመን ኢጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው «ካዛ ኢንቺስ» ከተባሉት ቤቶች ነው። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ የሠራተኛና የነጋዴ ሰፈር ሆኖ ሲኖር፣ ሻጩ ገዢውን በመልኩ ያውቀው ነበር፤ ዱቤውም በመተማመን ይሄድ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ግን በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ብዙ ነባር ቤቶችና ሱቆች ተነሡ። ደንበኛና ነጋዴ ተራራቁ፤ የቀረው መገናኛ ስልክ ነው። «አድራሻችን ተለውጧል፤ የባንክ ሒሳብ ቁጥራችንም እንዲሁ» የሚል መልእክት ቢመጣ ማን ይጠራጠራል? አታላይ የሚፈልገው ይህን የመሰለውን ጊዜ ነው።

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ መሄዱን እየተወ ከስልክ ወደ ስልክ መብረር ጀምሯል። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ያለ ባለሱቅ ሁሉ «ልኬያለሁ፤ ይኸው ደረሰኙ» ብሎ የስልኩን መስተዋት የሚያሳይ ደንበኛ ያጋጥመዋል። ያ ደረሰኝ ግን ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። ቀድሞ የአታላይ ጽሑፍ በፊደል ግድፈቱና በተንጋደደ አማርኛው ይታወቅ ነበር፤ አሁን መኪናው አማርኛውን አስተካክሎ ይጽፍለታል። ስለዚህ በጽሑፍ ማማር መተማመን ቀርቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሌባው የሚገባበት በር ኮምፒዩተሩ ብቻ አይደለም፤ ይሉኝታችንም ነው። ታናሽ ሠራተኛ አለቃውን «እርስዎ መሆንዎን እንዳረጋግጥ ይፍቀዱልኝ» ማለት ነውር ይመስለዋል። አክብሮት መልካም ባሕርያችን ነው፤ ነገር ግን ገንዘብ ያዥ የተቀጠረው ገንዘቡን እንዲጠብቅ ነው። አለቃውን የሚያከብር ሠራተኛ የአለቃውን ድምፅ ሰርቆ ለመጣ ሰው ካዝና አይከፍትም።

ስለዚህ እነዚህን ነገሮች ልብ በል።

አንደኛ፤ ገንዘብ ላክ የሚል ትእዛዝ በስልክ ሲደርስህ ዝጋና ቀድሞ በመዝገብህ በያዝኸው ቁጥር መልሰህ ደውል። «አትደውል» ከተባልህ ደግሞ ያን ጊዜ የግድ ደውል።

ሁለተኛ፤ ክፍያ አንድ ሰው ብቻውን አይጨርሰው። አንዱ ያዘጋጅ፤ ሌላው ያጽድቅ። ሁለት ሰው ማታለል አንድ ሰው ከማታለል ይከብዳል።

ሦስተኛ፤ የሒሳብ ቁጥር ለውጥ በመልእክት ብቻ አይታመን። ባለቤቱን በአካል ወይም በቀድሞ ስልኩ ጠይቅ።

አራተኛ፤ ባለሱቅ ከሆንህ የደንበኛውን ስልክ አትይ፤ የራስህን ሒሳብ አይተህ ዕቃውን ስጥ።

አምስተኛ፤ የምሥጢር ቁጥርህን ከባንክ ነኝ ለሚልም ቢሆን አትንገር። ለቴሌግራምህና ለኢሜይልህም ሁለተኛ መቈለፊያ አድርግላቸው።

ለአለቆችም አንድ ቃል አለኝ። ሠራተኞቻችሁን ሰብስባችሁ «በእኔ ስም ገንዘብ ሲጠየቅ መልሶ የደወለልኝን አመሰግነዋለሁ እንጂ አልቈጣውም» በሏቸው። ይህ ቃል አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ ብዙ ገንዘብ ግን ያድናል።

ለተማሪዎች ደግሞ ይህን እላለሁ። መጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በአንድ ሌሊት የደረሰውን ሁላችን እናስታውሳለን። ባንኩ የሥርዓት ጉድለት እንጂ የውጭ ጥቃት አለመሆኑን ገልጿል፤ ሆኖም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለ አግባብ ወጣ፤ ከወሰዱትም መካከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩበት። ኋላ ግን ገንዘቡ ተፈልጎ ተጠየቀ። በስልክ የተላለፈ ብር ዱካ አለው። ስለዚህ «ለአንድ ቀን የባንክ ሒሳብህን አውሰኝ፤ ድርሻህን እሰጥሃለሁ» የሚል ወዳጅ ሲመጣ ሽሽ። ሌባው ይሰወራል፤ በመዝገብ ላይ የሚቀረው ያንተ ስም ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር ማታለልንና የሌላ ሰው ማንነት መስረቅን በእስራትና በገንዘብ ይቀጣል።

ተታልለህ ከሆነም አፍረህ አትደብቅ። በዚያው ደቂቃ ለባንኩ ደውለህ ገንዘቡ እንዲታገድ ጠይቅ፤ ከዚያም ለአለቃህ ንገር፤ ለፖሊስ አመልክት። ጥቃቱ በድርጅቱ የኮምፒዩተር መረብ ላይ የደረሰ እንደ ሆነም ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ይነገር። እስከ ሰኞ ከዘገየህ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል።

እነሆ፤ ዓርብ ዐሥር ተኩል ላይ ስልኩ እንደ ገና ይጮኻል እንበል። ድምፁ ያው ነው፤ ጥድፊያውም ያው ነው። አንተ ግን የቸኮለች አፍሳ እንደ ለቀመች አስታውስ። «እሺ ጌታዬ፤ አሁኑኑ መልሼ እደውላለሁ» በልና ዝጋ። እውነተኛው አለቃህ ከሆኑ አምስት ደቂቃ ይታገሡሃል። ሌባው ከሆነ ግን አምስት ደቂቃ መታገሥ አይችልም።