«አልታሰረም» እና «ተፈታ» አንድ አይደሉም

በአገራችን ተማሪው ሁለተኛ ደረጃ ከገባ ጀምሮ ፊዚክሱንም ኬሚስትሪውንም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ተመርቆ ቢሮ ሲገባ ደግሞ ውሉና የእርዳታው ስምምነት ብዙ ጊዜ በዚያው ቋንቋ ተጽፎ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ወደደም ጠላም አስተርጓሚ ነው። በዚህ ሥራ ላይ እጅግ የሚያሳስተን ረጅሙና ከባዱ ቃል አይደለም፤ እርሱንማ መዝገበ ቃላት ገልጠን እንፈልገዋለን። የሚያሳስተን በቃሉ ፊት የምትቀመጠው ትንሽ ቅጥያ ናት፤ «አን»፥ «ዲስ»፥ «ኢን» የምትባለው። እርስዋን ስናይ «አፍራሽ ናት» ብለን ሳንጠይቅ እናልፋለን።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። «ካይንድ» ደግ ማለት ሲሆን «አንካይንድ» ደግ ያልሆነ ማለት ነው። «ታይ» ማሰር ነው፤ «አንታይ» ግን አለማሰር አይደለም፤ የታሰረውን መፍታት ነው። እንግዲህ አንዲቱ «አን» ሁለት ሥራ ትሠራለች ማለት ነው፤ በአንድ በኩል ታፈርሳለች፥ በሌላ በኩል ትቀለብሳለች። የቋንቋ ታሪክ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት እነዚህ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ሁለት የተለያዩ ቅጥያዎች ነበሩ፤ ዘመዱ ጀርመንኛም እስከ ዛሬ አንዱን «ኡን»፥ ሌላውን «ኤንት» እያለ ይለያቸዋል። እንግሊዝኛ ግን ስለ ደባለቃቸው «አንሎከብል» የሚለው ቃል ሊቆለፍ የማይችል በርም ይሆናል፥ ቁልፉ ሊከፈት የሚችል በርም ይሆናል።

አማርኛችን በዚህ ረገድ ችግር የለበትም። ለማፍረስ «አላሰረም፥ አልዘጋም፥ አልጫነም» ይላል። ለመቀልበስ ግን ራሱን የቻለ ግሥ ያቀርባል፤ ያሰረ ይፈታል፥ የዘጋ ይከፍታል፥ የጫነ ያራግፋል፥ የለበሰ ያወልቃል፥ የሸፈነ ይገልጣል፥ የሾመ ይሽራል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ምክሩ የሚመሰገን ባይሆንም፥ ያልተሾመና የተሻረ አንድ አለመሆናቸውን አሳምሮ ያውቃል።

ይህ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ ነው የሚል ቢኖር ወደ መዝገብ ቤት ጎራ ይበል። «ያልተመዘገበ» ነጋዴ አዲስ ማመልከቻ ይዞ ይመጣል፤ «ከመዝገብ የተሰረዘ» ነጋዴ ግን አቤቱታ ይዞ ይመጣል። ያልታወጀ ሕግ ማንንም ገዝቶ አያውቅም፤ የተሻረ ሕግ ግን እስከ ተሻረበት ቀን ድረስ ሰው ተቀጥቶበታል፥ ግብር ተከፍሎበታል። ጸሐፊው ከሁለቱ አንዱን በሌላው ቢተካ የሚጎዳው ቋንቋው ብቻ ሳይሆን ባለጉዳዩ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። «ዲስኢንተረስትድ» የተባለ ዳኛ የራሱን ጥቅም የማይመለከት፥ ለማንም የማያዳላ ዳኛ ነው። ቃሉን «ለጉዳዩ ደንታ የሌለው» ብለን ብንተረጉመው ትልቁን ምስጋና ወደ ስድብ ለወጥነው ማለት ነው። «ኢንቫሉዋብል» የተባለ እርዳታም በዋጋ የማይተመን እንጂ ዋጋ ቢስ አይደለም። «ኢንፍላመብል» ተብሎ በበርሜል ላይ ሲጻፍ ደግሞ አደጋው የከፋ ነው። በዚህ ቃል ውስጥ ያለችው «ኢን» አፍራሽ አይደለችም፤ ቃሉ በቀላሉ በእሳት የሚያያዝ ማለት ነው። ሰው «የማይቃጠል» ብሎ እንዳይረዳውና እንዳይጎዳ በመስጋት የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1920ዎቹ በምትኩ «ፍላመብል» እንዲባል አሳስቧል።

ቅጥያ ሳይጨመርበት ብቻውን ተቃራኒውን የሚይዝ ቃልም አለ። «ሳንክሽን» ፈቅዶ ማጽደቅም ነው፥ መቅጣትም ነው። በ1928 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አገራችንን በወረረችው ኢጣሊያ ላይ የጣለው ማዕቀብ የተጠራው በዚሁ ቃል ነው። «ኦቨርሳይት» ቁጥጥርም ነው፥ ሳይቆጣጠሩ ቀርቶ የተፈጠረ ግድፈትም ነው። «ቴብል» በእንግሊዝ ጉዳይን ለውይይት ማቅረብ ሲሆን፥ በአሜሪካ ጉዳይን ከውይይት አንሥቶ ማቆየት ነው። ሰር ዊንስተን ቸርችል ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጻፉትና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 በታተመው ሦስተኛ ቅጽ እንደሚተርኩት፥ የሁለቱ አገሮች የጦር ሹማምንት በዚህ ቃል ምክንያት ብዙ ተከራከሩ፤ የሚፈልጉት አንድ ነገር መሆኑን ያወቁት ከጭቅጭቁ በኋላ ነው። አፋቸውን በእንግሊዝኛ የፈቱት እንዲህ ከሆኑ እኛ ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባን ይሆን?

በኛ አስተያየት ችግሩን የሚያባብሰው ቅጥያን በቅጥያ የመተካት ልማድ ነው። ከግእዝ የወረስናት «ኢ» በቦታዋ የተከበረች ናት፤ «ኢሰብአዊ» እና «ኢፍትሐዊ» የሚሉት ቃላት ጠቅመውናል። ነገር ግን እንግሊዝኛው «አን» ወይም «ዲስ» ባለ ቁጥር «ኢ» ወይም «አልባ» እየለጠፍን መሄድ መተርጎም አይደለም። «ዲስአርም» ለሚለው ቃል «ትጥቅ ማስፈታት» አለን፤ መጀመሪያ የታጠቀ ሰው መኖሩን፥ ከዚያም ያ ሰው መፍታቱን ያሳያል። የትኛውም ቅጥያ እንዲህ ጥርት አድርጎ አይናገርም።

ኃላፊነቱም ቀላል አይደለም። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 ጋዜጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንደሚወጣና በሁለቱ መካከል ልዩነት ቢገኝ አማርኛው የበላይ እንደሚሆን ደንግጓል። በሕግ ፊት የሚጸናው የአማርኛው ቃል ከሆነ፥ ያንን ቃል የሚመርጥ ሰው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት አንድ ጊዜ ቆም ማለት አለበት።

ስለዚህ ወጣት አንባቢዎቻችን እንዲህ ያለ ቃል ሲገጥማቸው ራሳቸውን አንድ ጥያቄ እንዲጠይቁ እንመክራለን፤ ነገሩ አስቀድሞ ነበረ ወይስ አልነበረም? ከቶ ያልነበረ ከሆነ «አል» ወይም «ያል» ይበቃዋል። ነበረና ተነሣ ከሆነ ግን የሚቀለብሰውን ግሥ ይፈልጉ፤ አማርኛ አያሳፍራቸውም። የሚተረጎመው ቅጥያው ሳይሆን የሆነው ነገር ነው።