ሳይቃጠል በቅጠል፦ «ተመስገን» ብለን ስለዘጋነው ጥያቄ

ቤተ ክርስቲያን ወይም ገዳም ከተቃጠለ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። መጀመሪያ ጭስ የሸፈነው ቪዲዮ በየስልኩ ይዞራል። በማግሥቱ ምእመናን አመዱ ላይ ቆመው ያለቅሳሉ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰባኪ ይነሡና «ታቦቱ ሳይነካ ወጥቷል፤ ተመስገን!» ይላሉ፤ እልልታው ይቀልጣል። በሳምንቱ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይለጠፋል። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ከቀድሞው የሰፋ ሕንፃ ይመረቃል፤ «እሳቱ ለበጎ ሆነ» ይባላል።

እሳቱ ከየት ተነሣ? ውኃ ለምን አልነበረም? ውስጥ የነበሩት የብራና መጻሕፍት ስንት ናቸው? ይህን የጠየቀ ሰው «እምነት የጎደለው» ይባላል። ፋይሉ በእልልታ ይዘጋል።

ምስጋናን ልቃወም አልመጣሁም። ሁሉን አጥቶ ተመስገን የሚል ሕዝብ ትልቅ ሕዝብ ነው። ቅዳሴያችን ራሱ በጸሎተ አኮቴት፣ ማለትም በምስጋና ነው የሚከፈተው። የምቃወመው ምስጋና የጥያቄ መዝጊያ ሲሆን ነው።

የምጽፈው ከአዲስ ቅዳም ነው። እዚህ ፋግታ ለኮማ እሳት የእንጀራ ጉዳይ ነው። ገበሬው ዲከረንስ ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ ጤፍ ይዘራል፤ አራት አምስት ዓመት ጠብቆ ይቆርጥና ያከስላል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሽታ ገብቶ ዛፉን ቢጎዳውም፣ የአካባቢው ከሰል ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ድረስ ሲጫን ኖሯል። ከሰል አክሳይ ግንዱን ከምሮ በሣርና በአፈር ከደፈነ፣ እሳቱንም ከለኮሰ በኋላ ቤቱ ገብቶ አይተኛም። አፈሩ በአንድ በኩል ቢሰነጠቅ አየር ይገባና የዓመታት ድካሙ በአንድ ሌሊት አመድ ይሆናል። ስለዚህ እዚያው ያድራል። የጭሱን ቀለም ያያል፤ ስንጥቁን ይደፍናል። ከሰሉ በደህና ሲወጣም ተመስገን ይላል። «ተመስገን የምትል ከሆነ ለምን ስትጠብቅ አደርክ?» ብሎ የሚጠይቀው ግን የለም።

እኛ ለአንድ ጆንያ ከሰል የምናድረውን ለአንድ ብራና አናድርም።

መጋቢት 2004ን አስታውሱ። የዝቋላ አቦ ገዳም ደን በእሳት ተያያዘ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በምዕራብ ሐረርጌ የአሰቦት ገዳም ደን ተቃጥሎ ነበር። ከአዲስ አበባና ከደብረ ዘይት ወጣቶች ተጠራርተው የዝቋላን ተራራ ወጡ፤ ከመነኮሳቱና ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሆነው በቅጠልና በአፈር ከነበልባሉ ጋር ታገሉ። የእነዚያን ወጣቶች ውለታ ማንም አይክድም፤ እኔም እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ነገር ግን አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ ነገሩን ገና ትንሽ ሳለ ድረሱበት ማለታቸው ነበር። እኛ ተረቱን ገለበጥነው። ከተቃጠለ በኋላ በቅጠል ሆነ።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ መጋቢትና ሚያዝያ 2011፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነደደ። አሁንም ገበሬው ቅጠል ይዞ ወጣ። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ፤ ዝናብም አገዘ። እንግዶቹን አመሰገንን፣ ዝናቡን ላወረደው አመሰገንን። ማመስገናችን ደግ ነው። ግን የዓለም ቅርስ የሆነ ተራራ ያለው አገር ሲቃጠልበት ወደ ሰማይና ወደ ጎረቤት ብቻ ማየቱ ሊያሳፍረን ይገባ ነበር።

በዚያው ወር፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2011፣ ፓሪስ ውስጥ የኖትር ዳም ካቴድራል ጣሪያ ተቃጠለ። እዚያም ሰው መንገድ ላይ ተንበርክኮ ዘመረ፤ እዚያም ገንዘብ ተዋጣ። ከ150 አገሮች 340 ሺህ ያህል ሰዎች ከ840 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ሰጡ። ኅዳር 28 ቀን 2017 በሮቹ ሲከፈቱ ደወል ተደወለ፣ ምስጋና ቀረበ። ነገር ግን ከምስጋናው በፊት ዐቃቤ ሕግ የእሳቱን መነሻ ሲመረምር ቆይቷል፤ የማስጠንቀቂያው ደወል ከጮኸ በኋላ ጥበቃው የተላከው ወደ ተሳሳተ ቦታ እንደነበርም ወጥቷል። አዲሱ ጣሪያ ሥር ደግሞ እሳት ሲነሣ የውኃ ጉም የሚረጭ መሣሪያ ተገጥሟል። «እነሱ ሀብታም ናቸው» እንዳትሉኝ። ሀብታሙም በቸልተኝነት ተቃጥሏል። ልዩነቱ ከተቃጠለ በኋላ ስሕተቱን ስም ሰጥቶ መጥራቱ ላይ ነው።

«ፈተና ነው፣ ፈተናን በጸሎት እንጂ በምርመራ አያልፉትም» የሚሉ ይኖራሉ። እንግዲህ መጽሐፉን እንክፈት። ነህምያ የኢየሩሳሌም በሮች በእሳት መቃጠላቸውን ሲሰማ አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ። ኢየሩሳሌም ከደረሰ በኋላ ግን በሌሊት ተነሥቶ የፈረሰውን ቅጥርና የተቃጠለውን በር ዞሮ ተመለከተ። ከዚያ ሠራ። የምስጋናው መዘምራን በቅጥሩ ላይ የወጡት ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ኖኅም መሥዋዕት ያቀረበው ከመርከቧ ሲወጣ ነው፤ መርከቧን የሠራት ግን ዝናቡ ሳይጀምር። እኛ የመጀመሪያውን ገጽ ዘለልንና የመጨረሻውን ብቻ እናነባለን።

ሌላው ወገን ደግሞ ተመስገን ለማለት እንኳ ጊዜ የለውም፤ አመዱ ሳይበርድ ጠላት ይፈልጋል። በዚህ ላይ ግልጽ እንሁን። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ጅግጅጋ ውስጥ አብያተ ክርስቲያናት የተቃጠሉት በሰው እጅ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 እዚሁ ጎጃም፣ ሞጣ ላይ መስጊዶች የተቃጠሉት በሰው እጅ ነው። እንዲህ ያለው እሳት ፍትሕ ይፈልጋል እንጂ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብቻ ተብሎ አይታለፍም። ለሞጣ መስጊዶች መልሶ ግንባታ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ማዋጣቱ የሚያኮራ ነው፤ ግን መዋጮ የፍትሕ ምትክ አይሆንም። በአንጻሩ ጧፍ ወድቆ ያስነሣውን እሳት፣ በተላጠ ሽቦ የመጣውን እሳት፣ በመብረቅ የወረደውን እሳት ጎረቤት ላይ ማላከክ ሁለተኛ ቃጠሎ መለኮስ ነው። ከሁለቱም ስሕተት የሚያድነን አንድ ነገር ነው፤ መርምሮ ማወቅ። ምርመራ የሌለበት አገር ላይ እውነተኛው ወንጀለኛ በ«ፈተና ነው» ያመልጣል፤ ንጹሑ ጎረቤት በ«ጠላት ነው» ይሞታል።

የጠፋብንን እንኳ አለመቁጠራችን ደግሞ የባሰው ነው። ድርቡሾች በ1880 ጎንደርን ሲያቃጥሉ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንቦች እንዳዳኗት ልጅ ሆነን ሰምተናል። ደስ የሚል ታሪክ ነው። በዚያ እሳት የወደሙት ሌሎች አድባራት ምን ምን መጻሕፍት ነበሯቸው? ማን ይነግረናል? የተረፈችውን እያመሰገንን የጠፉትን መቁጠር ረሳን። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ 9 ሺህ ገደማ የብራና መጻሕፍትን ቅጂ አስቀርቷል፤ ቅጂዎቹ አሜሪካ፣ ሚኒሶታም አሉ። ያን ጊዜ ለዚህ ሥራ ካሜራ ተሸክሞ አገር ማቋረጥ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ካሜራው በእያንዳንዱ ዲያቆን ኪስ ውስጥ ነው፤ የምንቀርጽበት ግን የምረቃውን ሪባን ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ ያዛል። በየደብሩ የተመዘገበው ስንት ነው? ያልተመዘገበ መጽሐፍ ሲቃጠል ሁለት ጊዜ ይሞታል፤ መኖሩንም የሚመሰክርለት አይኖርም።

ከመጽሐፍም በላይ ሰው አለ። የጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤት ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ። የኔታ በመካከል ያስተምራሉ፤ ዙሪያውን የቆሎ ተማሪው የሣር ጎጆ ጎን ለጎን ተደርድሯል። ልጁ ከሩቅ አገር እናቱን ጥሎ የመጣ ነው። ማታ በኩራዝ ወይም በጧፍ ያጠናል፤ እዚያው ምድጃ ላይ ቆሎውን ይቆላል። በበጋ ነፋስ አንድ ፍንጣሪ ሁሉንም ጎጆ ለማዳረስ ጊዜ አይፈጅበትም። እዚያ የሚተኛው ነገ መቅደሱን የሚያገለግለው ነው። ለሕንፃው ሚሊዮኖች የምናዋጣ ሰዎች፣ ለእነዚህ ልጆች በጎጆና በጎጆ መካከል አሥር እርምጃ ክፍት ቦታ መተው እንዴት አቃተን?

አባቶች ይህን አያውቁም ነበር ማለት አይቻልም። ኅብስቱ የሚጋገርበት ቤተልሔም ከመቅደሱ ተለይቶ ነው የሚሠራው። በብዙ ገዳማት ዕቃ ቤቱም ለብቻው ቆሟል። ምክንያቱ ሥርዓት ነው ብትሉም ውጤቱ እሳትን ከመቅደስ፣ መጻሕፍትን ከጧፍ ማራቅ ነው። ዛሬ ግን ዕቃ ቤቱ ጠበበ ብለን መጻሕፍቱን፣ መጋረጃውን፣ የጧፍ ካርቶኑንና የድምፅ ማጉያውን ሽቦ አንድ ክፍል ውስጥ እናከማቻለን።

መንግሥትም አያመልጥም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ፣ በዋና ከተማዋ እንኳ የመንገዱ መጣበብ ለእሳት አደጋ መኪናዎች እንቅፋት ነበር። ዋና ከተማዋ ይህ ከሆነች፣ መንገድ በየጊዜው በሚዘጋበትና ስልክ በሚቋረጥበት በእኛ ክልል የገጠር ደብር ማንን ይጠብቃል? የወረዳ ኃላፊዎች በምረቃ ቀን የክብር ወንበር ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ ነው። ለቅርባችን የሚደርሰው የእሳት አደጋ መኪና የት ነው የቆመው? በስንት ሰዓት ይደርሳል?

መልሱ እስኪመጣ ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለም። የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ በየደብሩ ከጣሪያው የሚወርደውን ዝናብ የሚይዝ ታንከር ወይም በርሜል፣ አጠገቡ አሸዋ፣ ባልዲና መሰላል ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ የመብራት ዝርጋታውን በዓመት አንድ ጊዜ ባለሙያ ይየው፤ መብረቅ በሚበዛበት ደጋ የመብረቅ መከላከያ ይተከል። ሦስተኛ፣ ብራናዎቹ ገጽ በገጽ ፎቶ ይነሡ። ሌባ ያየዋል የሚል ሥጋት ካለ ቅጂው ለሀገረ ስብከቱ ብቻ ይሰጥ። አራተኛ፣ ከበጋው በፊት በደኑ ዙሪያ ደረቅ ሣርና ቅጠል ይጠረግ። አምስተኛ፣ ከማንኛውም ቃጠሎ በኋላ መዋጮ ከመጠየቁ በፊት የእሳቱ መነሻ ተጣርቶ ለምእመናን በዐውደ ምሕረት ይነበብ። የሰጠ ሕዝብ የማወቅ መብት አለው።

የዚህ ሁሉ ወጪ ለአንድ ምረቃ በዓል ከሚወጣው የድንኳንና የድምፅ ማጉያ ኪራይ ይበልጥ ይሆን? አስሉት።

የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ ስትወጡ ወደ ደብራችሁ በርሜል ጎራ በሉ። ውኃ ካለው ተመስገን በሉ። ባዶ ከሆነ ሙሉትና ከዚያ ተመስገን በሉ።