ጠዋት ቅዳሴ፣ ማታ ተኩስ



በቅርቡ አንዲት እናት ፌርፋክስ ጎዳና፣ ትንሿ ኢትዮጵያ ውስጥ አስቁመውኝ ነበር። «አንተ የኮምፒውተር ሰው ነህ አሉ፤ እስኪ ንገረኝ» አሉኝ። «ልጄ እሑድ ጠዋት ያስቀድሳል። ማታ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰው ሲገድል ያመሻል። ምን ልበለው?» ማስቀደስ ማለት ቅዳሴ ላይ መገኘት ነው። ልጃቸው 16 ዓመቱ ነው። አጠገባቸው ቆሞ ስልኩን ያያል፤ ጆሮው ግን እኛ ጋ ነበር።

ጥያቄው እኔንም ይነካኛል። የምኖረው ሃውቶርን ነው፤ ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። ክርስቲያን ነኝ። ሐሙስ ማታ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር በኢንተርኔት የተኩስ ጌም እጫወታለሁ፤ ደስም ይለኛል። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ስለ ራሴም ጭምር ነው።

በመጀመሪያ አንድ ቃል እንይ፤ «ጨዋታ»። በአማርኛ ጨዋታ ሁለት ትርጉም አለው። ልጆች ኳስ ሲመቱ ጨዋታ ነው። ሰዎች ቡና ይዘው ሲያወሩም ጨዋታ ነው። እንግዳ ዝም ካለ «ተጫወት እንጂ!» እንለዋለን፤ «አውራን» ማለታችን ነው። በሁለቱም ትርጉም ውስጥ ሌላ ሰው አለ። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

አንዳንድ ሰው ድብድብ ያለበት ጨዋታ ከፈረንጅ አገር የመጣ ይመስለዋል። አይደለም። የገና ጨዋታን አስቡ። ታኅሣሥ 29፣ በጌታ ልደት ቀን፣ ወንዶች በሁለት ቡድን ሆነው ጫፉ በተቆለመመ ዱላ ሩር ይመታሉ። ሩር ትንሽ ኳስ ናት። እረኞች የክርስቶስን መወለድ በሰሙ ጊዜ በደስታ በዱላቸው ተጫወቱ፤ ጨዋታው ከዚያ መጣ ይባላል። ጨዋታው ግን ለስላሳ አይደለም፤ ዱላው ሩሯን ስቶ እግር ያገኛል። በገና ጨዋታ ላይ ጌታ አሽከሩን አይቆጣም የሚባለውም ለዚህ ነው። አሽከር ማለት የድሮ አገልጋይ ነው። በሌላው ቀን ጌታውን ቀና ብሎ የማያየው ሰው፣ በገና ቀን ሊገፋው ይችላል። ጨዋታው ሲያልቅ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ጉግስም አለ። ጉግስ የፈረስ ጨዋታ ነው። አንዱ ወገን ይሸሻል፤ ሌላው እያባረረ የእንጨት ዘንግ ይወረውራል። የሚሸሸው በጋሻ ይከላከላል። ግልጽ የጦርነት ልምምድ ነው። ሆኖም በጥምቀት፣ ታቦቱ በሚከብርበት በዓል፣ ሰው ወጥቶ ያየዋል። እነዚህ ሰዎች ጸሎት የማያውቁ አልነበሩም። የጦር ጨዋታና እምነት በአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳ ላይ ይገናኙ ነበር።

«ታዲያ ጉዳዩ አለቀ፤ ጌሙን ክፈት» እንዳትሉኝ። ጉግስ ላይ የሚጋልበው ሰው ጎረቤቱን ያውቀዋል። ዘንጉ ጫፉ ስለት የለውም። ቀኑ ያልቃል። የእኛ ጌም ግን በየቀኑ አለ፤ በሩም ተዘግቶ ነው የሚጫወቱት። ስለዚህ ሌላ ቦታ መልስ እንፈልግ።

ሕግ መልስ ይሰጠናል? የምንኖርባት ካሊፎርኒያ ሞክራለች። በ2005 አንድ ሕግ ወጣ። በጣም ጨካኝ የሆነ ጌም ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚሸጥ ሰው እስከ 1,000 ዶላር ይቀጣል የሚል ነበር። የፈረሙት አገረ ገዥ አርኖልድ ሽዋርዘኔገር ናቸው፤ አዎ፣ በፊልም ጠመንጃ ታጥቀው የምናውቃቸው ሰው። የጌም ኩባንያዎች ከሰሱ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሰኔ 2011 ላይ ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ ሕጉን ሻረው። ጌምም እንደ መጽሐፍና እንደ ፊልም የመናገር ነፃነት ይጠብቀዋል አለ። የልጆች ተረት ሳይቀር ግድያ እንደሞላበትም አስታወሰ።

በጌም ሣጥን ላይ የምናየው ፊደል የመንግሥት ሕግ አይደለም። ከ1994 ጀምሮ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ያቋቋሙት ድርጅት የሚሰጠው ምልክት ነው። «ኤም» ካለ ለ17 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው ማለት ነው። ለወላጅ ጠቃሚ ምልክት ነው። ነገር ግን ዕድሜን እንጂ ልብን አይለካም።

ሳይንስስ? የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2020 አቋሙን አውጥቷል። ጨካኝ ጌሞች ከመጮህና ከመግፋት ዓይነት ቁጣ ጋር ትንሽ ግንኙነት አላቸው ይላል። እውነተኛ ወንጀልን ግን በጌም ላይ ማሳበብ በቂ ማስረጃ የለውም ይላል። ይህ ለብዙ እናቶች እፎይታ ነው፤ ጌሙ ልጅሽን ነፍሰ ገዳይ ያደርገዋል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ የለም ማለት ነው። ለክርስቲያን ግን ነፍሰ ገዳይ አለመሆን ብቻ በቂ አይደለም። ጥያቄያችን ከዚያ ይበልጣል።

አሁን እንደ ሥራ ሰው ልናገር። አንድ ጌም ውስጥ ጠላት ስንተኩስበት ምን ይሆናል? በኮዱ ውስጥ አንድ ቁጥር አለ፤ 100 እንበል። ጥይቱ ሲነካው ቁጥሩ 80 ይሆናል፤ ከዚያ 40፤ ከዚያ 0። ዜሮ ሲሆን ፕሮግራሙ የመውደቅ እንቅስቃሴ ያሳያል። ደሙ ቀይ ነጥቦች ናቸው፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይጠፋሉ። የሞተ ሰው የለም። የተጎዳ ሰው የለም።

ታዲያ ጌሙ ውስጥ እውነተኛ የሆነው ምንድን ነው? ሰዎቹ ናቸው። ማዳመጫ ጆሯችን ላይ አድርገን በኢንተርኔት ስንጫወት፣ በሌላው ጫፍ ያለው ድምፅ ቁጥር አይደለም። አንድ ሰው ነው። ምናልባት 12 ዓመቱ ነው። ምናልባት ዛሬ ከፋው። እኛ ስንሸነፍ ያን ልጅ የምንለው ነገር እውነተኛ ነው። ጥይቱ አይመታውም፤ ስድቡ ግን ይመታዋል።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ ጌታ ስለ መግደል ያስተምራል። ትምህርቱ ሰይፍ ላይ አይቆምም። ወንድሙን የሚቆጣና የሚሰድብ ሰውም ፍርድ ይጠብቀዋል ይላል። ይህን ምዕራፍ ከጌም ጋር ሳነበው ነገሩ ይገለበጥብኛል። እናቶቻችን የሚፈሩት ስክሪኑ ላይ ያለውን ተኩስ ነው። ወንጌሉ የሚጠይቀን ግን ስለ ማይክሮፎኑ ነው። ሐሙስ ማታ ጓደኞቼና እኔ አንድ ደንብ አለን፤ መሳደብ የጀመረ ሰው ያን ዙር ይወጣል። ማንም ቅር አይለውም። የገና ጨዋታ ደንብም ይኸው ነው፤ ቁጣ ከመጣ ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ቀረ።

ሁለተኛው እውነተኛ ሰው ሳሎን ውስጥ ያለው ነው። የአክስቴ ልጅ ከደሴ መጥቶ ለጥቂት ሳምንት እኔ ጋ አርፎ ነበር። ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እዚያው ነበር። አንድ ማታ ጌም ከፍቼ አጠገቤ ተቀመጠ። ለጥቂት ደቂቃ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ክላሽ እንዲህ አይልም» አለኝ። «ከሩቅ ሲሆን እንጨት የሚሰበር ነው የሚመስለው።» ሌላ ነገር አልተናገረም። ተነሥቶ ውጭ ወጣና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ቴሌቪዥኑን ዘጋሁት፤ ቡና አፍልቼ ወጣሁ። እስኪመሽ ድረስ ተጫወትን፤ በሁለተኛው ትርጉም ማለቴ ነው።

በእንግሊዝ አገርም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በ2006 የወጣ አንድ የፕሌይስቴሽን ጌም የማንቸስተርን ካቴድራል የተኩስ ሜዳ አድርጎት ነበር። በ2007 የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አጥብቃ ተቃወመች፤ ሶኒም ይቅርታ ጠየቀ። ቤተ ክርስቲያኗ ያዘነችው ስለ ሕንፃው ብቻ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ማንቸስተር በጠመንጃ ወንጀል ትሠቃይ ነበር። ለአንዱ መዝናኛ የሆነው ድምፅ ለሌላው የልጁ ሞት ነበር። የሚገርመው ደግሞ፣ በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ወጣቶችን ለመሳብ «ሄሎ 3» የሚባለውን የተኩስ ጌም አዳራሻቸው ውስጥ ያጫውቱ ነበር። ሁለቱም ክርስቲያኖች ናቸው። ልዩነቱ አጠገባቸው ያለው ሰው ማን እንደሆነ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት፣ ምዕራፍ 8 ላይ፣ ስለ ሥጋ መብላት ይናገራል። ሥጋው በራሱ ምንም አያደርግም ይላል። ወንድሜን የሚያሰናክለው ከሆነ ግን አልበላም ይላል። ጾም ለምናውቅ ሰዎች ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። እኔ የተኩስ ጌም እጫወታለሁ፤ የአክስቴ ልጅ ባለበት ቤት ግን አልከፍትም። ብዙ የኢትዮጵያ ቤተሰብ ውስጥ እንደዚህ ያለ ሰው አለ። አንዳንዱ የ1970ዎቹን አዲስ አበባ ያስታውሳል፤ አንዳንዱ በቅርቡ የመጣ ነው። ሁሉም አይናገርም። ልጆች፣ እስኪ በቤታችሁ ጠይቁ፦ «አባዬ፣ ይህ ድምፅ ይረብሽሃል?» መልሱ ሊያስደንቃችሁ ይችላል።

የቀረው ሦስተኛው ነገር ልባችን ነው። ጭካኔ ያለበት ታሪክ ሁሉ አንድ አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ የበላዔ ሰብእን ሥዕል አይታችሁ ይሆናል። «ሰው በላ» ማለት ነው። በተአምረ ማርያም ታሪክ 78 ሰዎች በልቷል። ከዚያ አንድ የተጠማ በሽተኛ በእመቤታችን ስም ለመነው፤ እርሱም ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ጥርኝ ማለት በአንድ እጅ የሚያዝ ያህል ነው። ሲሞት ነፍሱ በሚዛን ተመዘነች፤ ያቺ ውኃ አዳነችው። ታሪኩ የካቲት 16 ቀን ይታሰባል። አያቶቻችን ልጆቻቸውን ከዚህ ሥዕል ፊት ያቆሙ ነበር። አስፈሪ ነው። ነገር ግን ሥዕሉ ላይ 78 ሸክም ነው፤ ሚዛኑን የሚያወርድ። ብዙ ጌም ላይ 78 ነጥብ ነው፤ ማዕረግ የሚያሳድግ።

ጌሞችንም በዚህ ሚዛን አያቸዋለሁ። በ2020 የወጣው «ዘ ላስት ኦቭ አስ» ክፍል ሁለት እዚሁ ቅርብ፣ ሳንታ ሞኒካ ውስጥ የተሠራ ነው። በጣም ጨካኝ ነው፤ ለልጅ አይሆንም። ሆኖም አንድ ጠላት ሲወድቅ ጓደኛው ስሙን ጠርቶ ይጮኻል። ያኔ ተኩሱ ይከብዳችኋል። በ2013 የወጣው «ግራንድ ቴፍት ኦቶ 5» ደግሞ ሎስ አንጀለስን የምትመስል ከተማ ውስጥ ነው የሚካሄደው። የራሳችንን መንገዶች ማየት ያስደስታል። ግን ተጫዋቹ በራሱ እጅ የታሰረን ሰው እንዲያሠቃይ የሚያደርግ ክፍል አለው። ያን ጌም ቤቴ አላስገባም። ቀዩ ነጥብ እዚያም እዚህም አንድ ነው። የሚለየው ልቤ በምን እንዲደሰት እንደሚጠይቀኝ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በዐቢይ ጾም 55 ቀን የተኩስ ጌም አልከፍትም። ማንም አላዘዘኝም። መተው መቻሌን ማወቅ ስለምፈልግ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል፤ ሐሙስ ማታ እጄ የሚሠራው ያጣል። ከዚያ ይቀላል። መተው የማልችለው ቀን ከመጣ፣ ጨዋታው እኔን መጫወት ጀምሯል ማለት ነው።

ለእኚያ እናት ያልኳቸው ይህ ነው፦ «ጌሙን ከመንጠቅዎ በፊት አንድ ማታ አጠገቡ ይቀመጡ። ስክሪኑን አይመልከቱ፤ እሱን ይስሙት። ሲሸነፍ ምን ይላል? ማንን ያናግራል? ለእራት ሲጠሩት ይመጣል?» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞር ብዬ «አንተስ? እናትህ አጠገብህ ቢቀመጡ የማትለው ቃል አለ?» አልኩት። ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተና ሳቀ። «አለ» አለ፣ በአማርኛ።