ቻት ጂፒቲ እንግሊዝኛችሁን ሲያርም



ቻት ጂፒቲ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ላይ ከወጣ ወዲህ «ልጄ የእንግሊዝኛ ጽሑፉን በእሱ ቢያሳርም ጥሩ ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ከወላጆች ይነሳል። የእኔ መልስ፣ እንደ አጠያየቁ ነው የሚል ነው።

ይህን የምጽፈው በተለይ ከኢትዮጵያ በቅርቡ ለመጣችሁ ልጆች ነው። በእንግሊዝኛ ስትጽፉ የምትሳሳቱት ሰነፎች ስለሆናችሁ አይደለም። እኛ «ፀሐይ ወጣች» እንላለን፤ እንግሊዝኛው ግን ፀሐይን «ሺ» ሳይሆን «ኢት» ነው የሚላት። እኛ «ቤቱ» ስንል ምልክቷ ከቃሉ መጨረሻ ላይ ትለጠፋለች፤ እነሱ «ዘ» ብለው ከፊት ያስቀድማሉ፤ ስለዚህ «ዘ» ትረሳለች። ብዙ ልጅ የያዘች መምህርት ይህን ለእያንዳንዳችሁ ተቀምጣ ለማስረዳት ጊዜ የላትም። ማሽኑ ግን አሥር ጊዜ ብትጠይቁት አይሰለችም። ምክንያቱን በአማርኛ ንገረኝ ብትሉትም ይነግራችኋል፤ እናትና አባትም አብረው ማየት ይችላሉ። (አማርኛው አንዳንዴ ያስቃል፤ እሱን እናንተ አርሙለት!)

የምፈራው ሌላ ነገር ነው። «አስተካክልልኝ» ካላችሁት ጽሑፉን እንዳለ ለውጦ የሌላ ሰው ያደርገዋል። መምህርቷ ያንን ስታነብ ይህ ልጅ እርዳታ አያስፈልገውም ብላ ታስባለች፤ ይገባችሁ የነበረው ድጋፍ ይቀራል። የጂሲኤስኢ እንግሊዝኛ ቋንቋ ውጤት ደግሞ ከፈተና አዳራሽ ብቻ ነው የሚመጣው፤ እዚያ ቻት ጂፒቲ የለም። 4 ያላገኘ ተማሪ ኮሌጅ ከገባ በኋላም እንግሊዝኛውን መቀጠል አለበት። እኔ በሒሳብ ሥራ ላይ ነው የምውለው፤ ድምሩ አልገጥም ሲለኝ አንድ ሰው መጥቶ የመጨረሻውን ቁጥር ቢለውጥልኝ ምን ይጠቅመኛል? እኔ የምፈልገው ስህተቱ የቱ መስመር ላይ እንዳለ ማወቅ ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ራሳችሁ በደብተር ላይ ጻፉ። ከዚያ «አታርምልኝ፤ የምደጋግማቸውን ሁለት ስህተቶች አሳየኝና ምክንያቱን ንገረኝ» በሉት። እርማቱን በእጃችሁ ሥሩ። የተጠራጠራችሁትን ለመምህራችሁ አሳዩ፤ ማሽኑ በልበ ሙሉነት የሚሳሳትበት ጊዜ አለና።

ወላጆች፣ ድርጅቱ ራሱ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይፈቅድም፤ ከ18 በታች ላሉትም የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃል። ለትንንሾቹ እናንተው ከፍታችሁ አብራችሁ ተቀመጡ፤ የልጁንም ሆነ የትምህርት ቤቱን ስም አትጻፉበት።